ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት አንድ ጀሪካን ናፍጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። መኪናዬ ኢሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ከጎጃም ጤፍ እየጫንኩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ጠዋት ጠዋት በእጅ ካልፓመፕኩት አይነሳም። ዓባይ በረሃን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ ደግሞ ዳገቱ መሀል ጉልበት ያጣል። ጥግ አስይዤው ሩብ ሰዓት ካረፈ በኋላ ደህና ይሄዳል። መካኒኩ ለሞተሩ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ አልቋል፣ ይፈታ ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፖምፓውን ገና አታስፈታው። የነገርከኝ ምልክት የፖምፓ አይመስለኝም።

ፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን የሚገፋው ፕለንጀር ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። ያ ክፍተት በልቶ ሲሰፋ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው ኖዝል ከመሄድ ይልቅ በጎን ያመልጣል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ የበለጠ ያመልጣል። ስለዚህ ያለቀ ፖምፓ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋና ወዲያው ሲነሳ ነው። ሩብ ሰዓት ስላረፈም ጉልበቱ አይመለስለትም። ያንተ መኪና ግን የሚያስቸግረው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ነው፤ መንገድ ላይም ሲያርፍ ይሻለዋል።

ቆሞ ያደረ መኪና በእጅ ካልተፓመፐ እምቢ ካለ፣ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንኩ ተመልሷል ማለት ነው። የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ብዙ ሾፌር "ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቦታ የለም" ይለኛል። ከታንኩ ናፍጣ ስባ ለትልቁ ፖምፓ እስከምታቀብለው ትንሿ ፖምፓ ያለው መስመር ግን ሳቢ ነው። አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል። የቱቦ ማሰሪያ ፋሼታዎቹን፣ የደረቀውን ጎማ ቱቦ፣ ሮንዴላዎቹን፣ የእጅ ፓምፑንም አንድ በአንድ እይ።

አሁን ጀሪካኑን አምጣ። ንጹህ ይሁን፤ የታመነ ናፍጣ ሙላበት። ከትንሿ ፖምፓ አንስተህ አዲስ ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ክተት። ትርፉን ናፍጣ ወደ ታንኩ የሚመልሰውን መመለሻ ቱቦም እዚያው ጀሪካን ውስጥ አስገባው፤ አለበለዚያ ናፍጣው ቶሎ ያልቅብሃል። ከሚግለው የጭስ መውጫ፣ ከማርሚታው፣ አርቀህ አጥብቀህ እሰረው። አየሩን አስወጣና አሳድረው፤ ጠዋት አስነሳው። ከዚያ ጭነህ አንድ ደህና ዳገት ውጣ። ጠዋት በአንድ ጊዜ ተነስቶ ዳገቱንም ከወጣ፣ ፖምፓው ንጹህ ነው። ጥፋቱ ከታንኩ እስከዚያ ቱቦ ድረስ ነው።

እኔ የምጠረጥረው የታንኩን ማጥለያ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲፈልግ ቆሻሻው ተስቦ ማጥለያው ላይ ይለጠፋል። ስታቆም ይረግፋል። ለዚህ ነው ሲያርፍ የሚሻለው። ማጥለያው ሲታፈን ትንሿ ፖምፓ አጥብቃ ትስባለች፤ አጥብቃ ስትስብ ደግሞ በላላው ቦታ አየር ይገባል። ሁለቱ ችግሮችህ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላም አለ፦ ጉልበት ሲያጣ የታንኩን ክዳን ክፈተው። አየር እየሳበ "እስስ" ካለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ሰው ስለጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት ልክ እንዳንተ ያለ መኪና መጥቶልኝ ፖምፓውን አውርጄ አሠራሁት። ባለቤቱ ብዙ ብር ከፈለ። በሳምንቱ ችግሩ ተመለሰ። ታንኩን ስናወርድ የፌስታል ቁራጭ አገኘን። ናፍጣ በጀሪካን ሲገዛ ክዳኑ ሥር የምትደረገዋ ፌስታል ነበረች። ያ ሰው ያወጣው ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

በጀሪካኑም ካልተሻለው ወደ ሞተሩ እንምጣ። የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር። ትንሿን ፖምፓ አስፈትሽ። ፖምፓው ላይ መመለሻው የሚታሰርበትን ባለ ስፕሪንግ ቫልቭም እይ። ስፕሪንጉ ከደከመ ፖምፓው ውስጥ ግፊት አይያዝም፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል። የሞተር ዘይቱንም በዲፕስቲክ ለካ። ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ወደ ዘይቱ የሚያፈስ ነገር አለ፤ በዚያ ዘይት አትንዳው።

ከዚያ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ እየሠራ የኖዝሎቹን ዳዶ ተራ በተራ ላላ አድርግ። አንዱን ስታላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አልሠራም። መጀመሪያ ያንን ኖዝል አስፈትሽ። መነጽርና ጓንት አድርግ፤ እጅህን ወደሚረጨው ናፍጣ አታስጠጋ። ናፍጣው ቆዳ በስቶ ከገባ ቀዳዳዋ ትንሽ ብትመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ። ኮመን ሬይል ያለው አዲስ መኪና ላይ ግን ይህን ሙከራ በፍጹም አታድርግ። እዚያ ግፊቱ ከ1000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ሊገድልህ ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጣት ወደ ፖምፓው ካመለከተ ይውረድ። ሳይወርድ በፊት ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ (ታይሚንጉ) ላይ ምልክት ይደረግ። ባለሙያው ከመፍታቱ በፊት ማሽን ላይ አስሮ ለየሲሊንደሩ ስንት ናፍጣ እንደሚሰጥ ይለካልህ፤ ቁጥሩን ቆመህ እይ። ኖዝሎቹንም አብረህ ውሰድ።