ውድ ላፕቶፕ ስንት ዓመት ይቆያል?

«በብዙ ብር የገዛሁት ላፕቶፕ ሦስት ዓመት ሳይሞላው መንቀራፈፍ ጀመረ፤ ዕድሜው አልቆ ነው?» ብለሃል። አላለቀም ወንድሜ። ያን ያህል የተከፈለበት ዕቃ ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊያገለግልህ ይገባል።

የድሬዳዋ ሙቀት ግን ቀልድ አይደለም። አቧራው ፋኑ ላይና የሙቀት ማስወጫው ቀዳዳ ላይ እንደ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ የላፕቶፑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያንተም ችግር ይሄ ይመስለኛል። ከዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር ጥገና ቤት አታጣም፤ አስከፍተህ አስጠርገው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) ደርቆ ከሆነም ይቀየር። ብቻ ፊትህ ይክፈቱት። ፍራሽ ላይ አስቀምጠህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ተው፤ የታችኛውን አየር መሳቢያ ይደፍንበታል።

ባትሪው ለብቻው የሚታይ ነው። ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ አቅማቸው መውረዱ ያለ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ በሱ ምክንያት ላፕቶፑን እንዳትጥል። ባትሪው አብጦ ታችፓዱን (በጣት የሚነካውን የማውስ ሰሌዳ) ወደ ላይ ከገፋው ግን ቻርጅ ማድረጉን አቁም፣ ዛሬውኑ በባለሙያ አስወጣው። እሳት ሊያስነሳ ይችላል።