የደረቀው ፀበልና የምህላችን ነገር

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምጽፍልዎ ከአምባሰል ነው። የበልጉ ዝናም ለሁለተኛ ዓመት ስለ ቀረብን በአጥቢያችን ምህላ ተይዟል። በዚሁ ሰሞን አንድ የግብርና ባለሙያ መጥቶ የዝናሙ መዛባት ሰው በምድርና በአየር ላይ ካደረሰው ጉዳት ጋር የተያያዘ መሆኑን ነገረን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ተራራ ከከብት እንድንከልል፣ እርከን እንድንሠራና ችግኝ እንድንተክልም ጠየቀን። እኔ ነገሩን አምኜበት ቤት ውስጥ ባነሣው አጎቴ ተቆጡኝ። «ዝናም የሚሰጥም የሚከለክልም እግዚአብሔር ነው፤ በሰው ሥራ ማሳበብ ክሕደት ነው፤ ደግሞስ ይህች ዓለም ማለፏ ይቀራል?» አሉኝ። ጎረቤታችንም አየሩን ያበላሹት የባለጸጎቹ አገሮች ፋብሪካዎች እንጂ እኛ ድሆቹ አይደለንም ይላሉ። በምህላ ሰሞን ለችግኝ መሯሯጥ እምነት ማጉደል ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ ምህላ እንዴት እንደሚያዝ፣ በጾምና በስግደት እንዴት እንደሚፈጸም አንቺም የአጥቢያሽ ሰዎችም የምታውቁት ስለ ሆነ ወደዚያ አልገባም። የሚያቆመኝ አጎትሽ የተናገሩት ቃል ነው። በወሎ ደጋና ቆላ እየተዘዋወርሁ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህን ቃል ከብዙ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ ጾም የማይሽሩ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ እግዚአብሔርን ከልባቸው የሚፈሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። ስለዚህ አጎትሽን በንቀት እንድታያቸው አልፈልግም። ዝናም ሰጪው እግዚአብሔር ነው ማለታቸው እውነት ነው፤ በቅዳሴያችን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ የምንለምነውም ይህን ስለምናምን ነው። የተሳሳቱት ከዚህ እውነት ተነሥተው «እንግዲያው የሰው እጅ የለበትም» ወደሚለው ሲያልፉ ነው።

ብዙዎች የእግዚአብሔርን ሥልጣንና የሰውን በደል በአንድ ሚዛን ሁለት ወገን ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው የሚቀል፣ ሰው አጠፋ ማለትም እግዚአብሔርን ከዙፋኑ ማውረድ ይመስላቸዋል። ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ መሆኗን የማያምን ማን አለ? ነገር ግን ሰው የገደለ ሰው ለእርቅ ተቀምጦ «ቀኑ ደርሶ ነው የሞተው» ቢል፣ ይህን መልስ የሚቀበል የወሎ ሽማግሌ አላውቅም። እግዚአብሔርም ከቃየል እንዲህ ያለውን መልስ አልተቀበለም። «ምድርንም ባረስህ ጊዜ እንግዲህ ኃይልዋን አትሰጥህም» አለው (ዘፍ. 4፥12)። ልጄ፣ ይህን ጥቅስ አጎትሽ ደጋግመው ሰምተውታል፤ አንድ ጊዜ ግን ቆም ብለው ቢያስቡት መልካም ነው። የምድርን ኃይል የከለከለው እግዚአብሔር ነው፤ የከለከለውም በሰው እጅ በተሠራ በደል ምክንያት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ጠብ ተቀምጠዋል።

ዮሴፍንም ተመልከቺ። በግብፅ የሚመጣው ረኃብ «ከእግዚአብሔር ዘንድ የተቈረጠ» መሆኑን ለፈርዖን የነገረው እርሱ ራሱ ነው (ዘፍ. 41፥32)። በሚቀጥለው ቃሉ ግን ብልህ ሰው ይፈለግ፣ ከጥጋቡ ዓመታት እህል ከአምስት እጅ አንዱ ይከማች ሲል እናገኘዋለን። ዮሴፍ ጎተራ በመሥራቱ እምነቱ ጎደለ ያለ መምህር አልነበረም፤ ወደፊትም አይኖርም።

እዚህ ላይ በጥብቅ የምናገረው ነገር አለኝ። ድርቅን የእግዚአብሔር ቁጣ ብቻ ነው ብለን ስንዘጋው፣ ሳናስበው በሙታን ላይ እንፈርዳለን። በ1966ቱና በ1977ቱ ረኃብ ያለቁትን የወሎ ልጆች አስቢ። በኮረም ሜዳ በሌሊት ብርድ በእናታቸው ክንድ ላይ ያረፉት ሕፃናት ዝናም ከዘነበለት ከሌላው አገር ሕፃን ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩን? ጌታችን ይህን ጥያቄ ራሱ አንሥቶታል። በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ዐሥራ ስምንቱ ሰዎች «በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሉአችኋልን? አይደለም፥ እላችኋለሁ» ካለ በኋላ፣ «ነገር ግን ንስሐ ባትገቡ» ብሎ ፊቱን በሕይወት ወደ ቀሩት መለሰ (ሉቃ. 13፥4-5)። የ1966ቱን መከራ ዝናም መቅረቱ ጀመረው፤ ረኃቡ ከአደባባይ እንዲሸሸግ የተደረገው ግን በሰው ፈቃድ ነበር፤ በመሸሸጉም እህል ሊደርስላቸው ይችሉ የነበሩ ሰዎች ሞቱ። ያንን ሁሉ «የላይኛው ቁጣ» ብሎ ማለፍ ለበደለኛው ምሽግ መሥራት እንጂ እግዚአብሔርን ማክበር አይደለም።

አሁን ያየሁትን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ ለትምህርት ሄጄ ሳለ የፀበሉ ምንጭ ደርቆ ሕዝቡ በከባድ ሐዘን ላይ ደረስሁ። ምህላ ተይዞ ነበር፤ እኔም አብሬ ቆምሁ። ምዕመናኑ ማን ምን ቢበድል ነው እያሉ እርስ በርሳቸው ይጠራጠሩ ነበር፤ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ምስኪን ሴትንም በክፉ ዓይን ማየት ጀምረው ነበር። እኔ በዕድሜ የገፉ አንድ መሪጌታን ለብቻቸው አግኝቼ «ልጅ ሳሉ ከፀበሉ በላይ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ጽድና ወይራ እንደ ነበረ፣ ከብት ሲጠብቁ ፀሐይ እንደማያገኛቸው፣ ከዚያ እየተቆረጠ ለቤትና ለከሰል እንዳለቀ፣ በስፍራውም ባሕር ዛፍ እንደ ተተከለ ነገሩኝ። ባሕር ዛፉን የተከለው ደግሞ ሰበካው ራሱ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ ተብሎ፣ በቅን ልቡና።

ባሕር ዛፍን የምረግም ሰው አይደለሁም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የስንቱን ቤት ምሰሶና የስንቱን ምድጃ ችሎ የአገር በቀሉን ዛፍ ከመጥረቢያ እንዳዳነ አውቃለሁ። ነገር ግን ውኃ በብዙ የሚጠጣ ዛፍ ነው፤ ከምንጭ ራስ ላይ የሚተከል አይደለም። በዚያ ላይ ጫካ የነበረበት ተዳፋት ሲራቆት የክረምቱ ዝናም ወደ መሬት መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ክረምት ያልጠጣ ተራራ በበጋ ከየት አምጥቶ ያፈልቃል? ፀበሉን የሚቀድሰው እግዚአብሔር ነው። የምንጩን አናት እንድንጠብቅ የታዘዝነው ግን እኛ ነን፤ አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነውና (ዘፍ. 2፥15)። ምድርን ግዙአት የሚለውን የሚጠቅስ ሁሉ ይህንንም አብሮ ቢጠቅስ ደስ ይለኛል።

የዚያ አጥቢያ ሰዎች ምህላውን ሲጨርሱ ባሕር ዛፉን ከምንጩ ራስ ላይ ነቀሉ፤ ዳገቱን ከከብት ከለሉ። ከዓመታት በኋላ ሳልፍ ምንጩ እንደ ቀድሞው ባይሆንም ከነጭራሹ መድረቁ ቀርቶ ነበር። ያችን ምስኪን ሴት ይቅርታ የጠየቃት ሰው ስለ መኖሩ ጠይቄ ነበር፤ የመለሰልኝ የለም።

ጎረቤታችሁ የተናገሩት ደግሞ በግማሽ ልክ ነው። ፋብሪካው፣ መኪናውና አውሮፕላኑ የሚያቃጥሉት ከሰልና ነዳጅ የምድርን አየር ለውጦታል፤ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ይህም ሙቀቱን እንደ ጋቢ አፍኖ ይይዘዋል። የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ሰባት በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ዝናሙ ሲመጣ በኃይል ይወርዳል፤ በሌላው ጊዜ ደግሞ መሬቱ ፈጥኖ ይደርቃል። ከዚህ ሁሉ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያልበደለ ሰው የሌላውን ዕዳ ሲከፍል ማየትም ግፍ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ግፍ ለባለጸጎቹ በግልጽ ልትነግራቸው ይገባል።

ነገር ግን ከሩቅ የመጣው ዝናም በእኛ ተራራ ላይ ሲያርፍ የሚያገኘው ምንድን ነው? የተራቆተውን ዳገት ያረሰው የውጭ አገር ሰው አይደለም። በከሰል ጆንያ ተጭኖ ወደ ከተማ የወረደው ወይራ በእኛ እጅ የተቆረጠ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ቆሻሻቸውን በቦርከና ሲለቁት፣ በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውኃ አትክልቱን ያጠጣል፤ እኛም መልሰን ያንን አትክልት እንበላለን። በንግሥ በዓል ማግስት ምእመናን የተመለሱበትን መንገድ ያየ ሰው ደግሞ የወደቀውን የውኃ ፕላስቲክ ቆጥሮ አይጨርሰውም። ጌታችን አምስት እንጀራ አበርክቶ አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» አለ (ዮሐ. 6፥12)። ሁሉን ማብዛት የሚችለው እርሱ ፍርፋሪ እንዳይጠፋ ከተጠነቀቀ፣ አንድ እፍኝ አፈር እንኳ መፍጠር የማንችለው እኛ ምን ልንሆን ይገባናል?

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ። ምህላ የንስሐ ጸሎት ነው። የጎረቤቱን በሬ ሰርቆ የሚያርስ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ቢመጣ አስቀድሞ የሚባለው በሬውን መልስ ነው፤ በሬውን በበረቱ አስሮ ሰባት ቀን ቢሰግድ ስግደቱን ማን ይቆጥርለታል? ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። እኛስ የወሰድነው የማንን ነው? ከዳገቱ የታጠበው አፈር የልጅ ልጆቻችን እንጀራ ነበር፤ እነርሱ ገና ስላልተወለዱ ወደ ሽማግሌ ሊከስሱን አይችሉም። እንግዲህ እርከኑና ችግኙ የምህላው ተቃራኒ አይደሉም፤ የተወሰደውን የመመለሻ መንገዳችን ናቸው። በተዳፋቱ ላይ እያረሱና ጫካውን እየጨረሱ «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ግን እምነት አይመስለኝም። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ባለው ጊዜ የተሰጠው መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነበር።

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዢ በየኮረብታው ላይ የቀረ አረንጓዴ ነገር ካየሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታውቂያለሽ። በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ያለው የጽድ ደን እስከ ዛሬ የቆየው «የታቦቱ ነው» ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። ይህ ፍርሃት መልካም ነው፤ ነገር ግን በአጥሩ ላይ ማለቁ ያሳዝነኛል። በቅጽሩ ውስጥ ቅርንጫፍ ለመስበር የሚንቀጠቀጥ እጅ ከአጥሩ ውጭ ግንዱን ሲጥል አይንቀጠቀጥም። «ምድርና ሞላዋ ለእግዚአብሔር ናት» የሚለው መዝሙር አጥር አላበጀም። እስላም ጎረቤቶቻችንም በመስጊድና በመቃብር ዙሪያ ያለውን ዛፍ እንዲሁ ያከብሩታል፤ በአንድ ቅሬ (እድር) የምንረዳዳ ሰዎች ስለሆንን ተራራውንም አብረን ልንከልለው እንችላለን፤ ጎርፉ የማንን ማሳ እንደሚወስድ ሃይማኖት አይጠይቅም።

ዓለም ማለፏ አይቀርም ስለሚለው ብዙ አልልም። ሥጋችንም ማለፉ አይቀርም፤ ነገር ግን እንመግበዋለን፣ ሲታመምም ፀበልና ሐኪም እንሻለታለን። እግዚአብሔር በመጨረሻው ቀን የሚፈርድባቸውን ሲዘረዝርም «ምድርንም የሚያጠፉትን» እንዳልዘነጋ በራእይ 11፥18 ተጽፏል።

ስለዚህ ምህላሽን አታቋርጪ፤ ችግኙንም አትተዪ። ችግኙ የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ ስለ ሆነ ጉድጓዱን ከአሁኑ መቆፈር ትችላላችሁ፤ ጽድና ወይራ እንዲሆንም ባለሙያውን ለምኑት፤ ቶሎ አያድጉም፤ ግን ተራራው የሚያውቃቸው ዛፎች ናቸው። የሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ልጆች እርከኑን ቢጀምሩ ለሰበካ ጉባኤው አስቀድማችሁ አስታውቁ። ከአጎትሽ ጋር ግን አትከራከሪ፤ ጥቅስ በጥቅስም አትመልሺላቸው። አንድ ማታ ቡና አፍልተሽ፣ ልጅ ሳሉ ከብት የጠበቁበት ተራራ ምን ይመስል እንደ ነበር ጠይቂያቸው፤ ሲነግሩሽም ሳታቋርጪ አድምጫቸው።