ለስላሳ ጠጥቶ በእግር መሄድ ያካክሳል ወይ? ሰሞኑን የጠየቃችሁኝ

መርካቶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምውለው። ከምሳ ጋር አንድ ኮካ አይቀርብኝም። ማታ ጂም ከገባሁ ይካካሳል?

ወንድሜ፣ ሙሉ በሙሉ አይካካስም። ባለ 330 ሚሊ ሊትሩ ኮካ 35 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ቤት ውስጥ በቡና ሲኒ ሰፍሬ አይቼዋለሁ፣ ከግማሽ በላይ ሞላ። ስኳር በሆድህ ሲፈጭ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ይሆናል። ግሉኮሱ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን) ሳይጠብቅም ከደም ስቦ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ጂሙን አትተው እንጂ ከምሳ እንደተነሳህ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በረንዳውን ዞር ዞር ብትል ለደም ስኳርህ የማታውን ከመጠበቅ ይሻላል። ፍሩክቶሱ ግን በአብዛኛው ወደ ጉበት ነው የሚሄደው። ሲበዛበት ጉበት ወደ ስብ ይቀይረዋል።

ላብ የማያወጣ እርምጃ ምን ዋጋ አለው?

አለው እንጂ! አሜሪካ፣ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ 22 ጤነኛ ወጣቶችን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 75 ግራም ፍሩክቶስ ጨምረው አጠጧቸው። አንዴ በቀን 12,000 እርምጃ ገደማ እየተራመዱ፣ አንዴ ደግሞ ከ4,500 በታች። በተቀመጡበት ጊዜ የደማቸው ስብና የብግነት (የሰውነት ውስጥ መቆጣት) ምልክቱ በጣም ጨመረ። ሲራመዱ ግን ያ ጭማሪ አልታየም። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ ግን እኔ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ መውረድ የጀመርኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ታዲያ ከተራመድኩ በየቀኑ ሁለት ብጠጣስ?

አይሆንም እህቴ፣ እዚህ ላይ አላባብልሽም። 100,000 ገደማ አሜሪካውያንን ለ30 ዓመት ያህል የተከታተለና በ2024 የወጣ ጥናት፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ለስላሳ የሚጠጡ ሰዎች የተመከረውን በሳምንት 150 ደቂቃ ስፖርት እየሠሩም የልብ ሕመም ስጋታቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ጥርስሽንም አስቢ፤ አሲዱና ስኳሩ የሚጎዳው አፍሽ ውስጥ እያለ ነው፣ እግር ምን ሊያደርግለት? ጋዙ ከሆነ የሚያምርሽ አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቂበት።

ማልትስ? አልኮል የለውም ብዬ ለልጆቼ እገዛለሁ።

አልኮል ባይኖረውም ስኳር አለው። ጠርሙሱ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚል አንብቢና በጠርሙሱ መጠን አባዢው።

አባቴ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጠዋት ሲራመዱ ሚሪንዳ ይይዛሉ። ልከልክላቸው?

አትከልክያቸው! ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲራመድ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላባቸው ወይም ከተደናገሩ ቁጭ ይበሉና ግማሽ ብርጭቆ ያህል፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም በአፋቸው አታድርጊ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሻቸው። ደጋግሞ የሚወርድባቸው ከሆነ የኢንሱሊኑ መጠን እንዲታይ ለሐኪማቸው ንገሪ። እና ስትገዢላቸው ጠርሙሱን እዪው፣ «ዜሮ» የሚለው ስኳር ስለሌለው በዚያች ሰዓት አያድናቸውም።