ሲዲኤል ሳይያዝ ትልቅ መኪና ለግል ጉዳይ መንዳት፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና ለንግድ ሳይሆን ለራስ ጉዳይ መንዳትን በተመለከተ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ሲዲኤል ማለት ለከባድ መኪና የሚሰጠው የንግድ መንጃ ፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ ቤት ልቀይር ነው። ባለ 26 ጫማ የኪራይ ትራክ ለመንዳት ሲዲኤል ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። ሲዲኤል የሚያስጠይቀው የፌዴራሉ የክብደት ወሰን 26,001 ፓውንድ (11,794 ኪሎ ገደማ) ነው፤ የቤት ዕቃ ማጓጓዣ አከራዮች እነዚህን መኪኖች ሆን ብለው ከዚያ በታች ነው የሚያስመዘግቧቸው። ተራው መንጃ ፈቃድዎ ይበቃል። ይልቅ ቁመቱን ይጠንቀቁ፤ ካቢኑ ውስጥ ተጽፏል። ዝቅተኛ ድልድይና የነዳጅ ማደያ ጣሪያ የሚመታው የሳጥኑ ጫፍ ነው። የግል መኪና ኢንሹራንስዎም ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ትራክ ስለማይሸፍን ቀድመው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ የሚቆጠረው የባዶው መኪና ክብደት ነው ወይስ ከነጭነቱ?

መልስ፦ ፋብሪካው የፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ወይም ሚዛን ላይ የወጣው፣ የበለጠው ይያዛል። ስለዚህ «ባዶ ነው» ማለት አያድንም። የፋብሪካውን ቁጥር በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ያንብቡ። ተሳቢ ካለ ሁለቱ ይደመራሉ፦ 14,000 ፓውንድ የተፈቀደለት ፒካፕና 12,500 የሆነ ተሳቢ 26,500 ይመጣሉ፤ ተሳቢው ከ10,000 ስለሚበልጥ ለንግድ ከሆነ ክላስ ኤ (ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት የሚሰጠውን የሲዲኤል ደረጃ) ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 25,900 የሆነ ትራክ 9,990 የሆነ ተሳቢ ቢጎትት ድምሩ ወደ 36,000 ቢጠጋም ሲዲኤል አይጠይቅም፤ ትራኩም ተሳቢውም ለየብቻቸው ከወሰናቸው በታች ናቸውና።

ጥያቄ፦ ከ26,001 በላይ የሆነ የመዝናኛ መኪና (አርቪ) ገዝቼ ቤተሰቤን ብቻ ብጭንስ?

መልስ፦ የፌዴራሉ ሕግ የሚመለከተው ለንግድ የሚውል መኪናን ስለሆነ ሲዲኤል አያስገድድዎትም። ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። ግዛቶች ማጥበቅ ይችላሉ፣ ያጠብቃሉም። ቴክሳስ አርቪን ከሲዲኤል ነፃ ታደርጋለች፤ ከ26,000 ፓውንድ ካለፈ ግን ንግድ ነክ ያልሆነውን ክላስ ቢ (ከባድ ተሳቢ ለማይጎትት ትልቅ መኪና የሚሰጠውን ደረጃ) ማውጣት አለብዎ። ካሊፎርኒያ ርዝመትንም ትለካለች፦ ከ40 ጫማ ለሚበልጥ የመኖሪያ መኪና ንግድ ነክ ያልሆነ ክላስ ቢ ትጠይቃለች። ኒው ዮርክ ደግሞ ከ26,000 በላይ ለሆነ አርቪ መንጃ ፈቃዱ ላይ «አር» የሚል ተጨማሪ ታስገባለች። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት በሚኖሩበት ግዛት ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ይጠይቁ፤ የመንገድ ፈተናው በዚያው ዓይነት መኪና ስለሚሰጥ ፈቃድ ያለው ሰው ነድቶ ሊያደርስልዎ ይገባል።

ጥያቄ፦ «ለኪራይ አይደለም» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ብለጥፍ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ፖሊስ የሚጠይቀው የጫኑት ዕቃ ለምን እንደሚውል ነው። ለራስዎ ሱቅ ጤፍ ቢያመጡ ማንም ባይከፍልዎትም ንግድ ነው። የጉዞውን ነዳጅ ከታክስ ላይ በንግድ ወጪነት ከቀነሱ ደግሞ «የግል ነበር» የሚለው ክርክር ያኔውኑ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ለቤተ ክርስቲያናችን ባለ 24 መቀመጫ አውቶቡስ አለን። ገንዘብ አንቀበልም፤ ሾፌሩም በነፃ ነው የሚያገለግለው። ሲዲኤል ያስፈልገዋል?

መልስ፦ እዚህ ላይ እባካችሁ አትዘናጉ። ሾፌሩን ጨምሮ 16 ሰው ወይም ከዚያ በላይ እንዲይዝ የተሠራ መኪና ሲዲኤል ከነመንገደኛ ማጫኛው «ፒ» ይጠይቃል፤ የሃይማኖት ተቋምና ዕድርም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሚቆጠረው መኪናው እንዲይዝ የተሠራበት የሰው ብዛት እንጂ በዕለቱ የተሳፈረው አይደለም፤ አምስት ሽማግሌ ብቻ ቢጫኑም ያው ነው። ፈቃድ የሌለው ሾፌር አደጋ ቢያደርስ ኢንሹራንሱ ሊከራከር ይችላል፣ ዕዳውም ወደ ሰበካ ጉባኤው ይዞራል። ሲዲኤል ያለው ምዕመን ካልተገኘ ሾፌሩን ጨምሮ 15 ሰው የሚይዝ ቫን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሲዲኤል አለኝ። ተሳቢውን ፈትቼ በቦብቴይል (በጎታቹ መኪና ብቻ) ገበያ ብሄድ ከሥራ ሰዓቴ ይቆጠራል?

መልስ፦ ከሥራ ሙሉ በሙሉ ተለቀው ከሆነና ኩባንያዎ ከፈቀደ በግል ጉዞነት ይመዝግቡት፤ እንደ ዕረፍት ይያዛል። ወደሚቀጥለው ሎድ (ጭነት) ለመቅረብ ከተጠቀሙበት ግን ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ፣ በቤት መኪናዎ እንኳ ጠጥተው ነድተው ቢፈረድብዎ ሲዲኤልዎ ለ1 ዓመት ይታገዳል፤ ሁለተኛው የዕድሜ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ አለኝ። ይቀየርልኛል?

መልስ፦ ወደ ሲዲኤል አይቀየርም፤ አሜሪካ ተመጣጣኝ ብላ የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን ብቻ ነው። ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲስ ክላስ ኤ ወይም ቢ ፈላጊ ከተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ መማር፣ የለማጅ ፈቃዱንም ቢያንስ 14 ቀን መያዝ ይኖርበታል። ንግድ ነክ ላልሆነው ክላስ ይህ የፌዴራል ሥልጠና አይጠየቅም።