ጠይቁኝ፦ የናፍታ ፒካፕ ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ እና ፍሬን

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ላይ ፒካፕ ስጠግን 20 ዓመት አልፎኛል። ወተት የሚያመላልሰውም፣ ሲሚንቶ የሚጭነውም፣ ጎጃም የሚወርደውም በእጄ አልፏል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ ፈሳሾች የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነትና የነዳውን ኪሎሜትር ጻፉ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ የጎደለው የት እንደገባ ሳታውቁ አትሙሉ። ዘይትም ይሁን ውሃ፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሄዷል።

የለገጣፎው፦ ጋሼ፣ ሃይሉክስ ነው፣ ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው የናፍታ ሞተር ያለው። ዘይት ቀይሬ ሳምንት ሳይሞላ ጠቆረ። የውሸት ዘይት ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ መጥቆሩ ብቻ ምንም አይነግርህም። የናፍታ ሞተር ጥላሸት ያወጣል፣ ጥሩ ዘይት ደግሞ ጥላሸቱን ይዞ ይቆያል። ሥራው ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መለኪያውን አውጣ። ዘይቱን በሁለት ጣትህ እሸው፣ ከዚያ አሽትተው። ናፍታ ናፍታ ከሸተተና ልኩም ከምልክቱ በላይ ከወጣ፣ ናፍታ እየገባበት ነው፤ ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይታዩ። ዘይት በራሱ አይጨምርም። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣልና አሳድረው። ጥቁሩ ቀስ እያለ ወደ ዳር ከተበተነ ዘይቱ ገና ይሠራል። መሀል ላይ ወፍሮ፣ ዳሩ ተቆርጦ ከቀረ ግን ደክሟል፣ ቀይረው። ማኪያቶ ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፣ መኪናውን አታስነሳ።

የገላኑ፦ ምን ዓይነት ዘይት ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው መኪና? ለቆየ የናፍታ ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ 15ደብልዩ-40 ነው፣ ጀርባው ላይ የጥራት ደረጃው ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ የሚል። የጭስ ማጣሪያ ያለው አዲስ መኪና ከሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ብቻ ግዛ።

የአያቱ፦ መኪናዬ ይሞቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን መኪና? ሽቅብ ሲወጣ ነው ወይስ ቆሞ? ውሃ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም? «ይሞቃል» ተብሎ መልስ አይሰጥም ወንድሜ። እስከዚያው የሞቀ ራዲያተር ክዳን አትክፈት። ፊትህን ይልጠዋል።

የሰበታው፦ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ለበረዶ አገር ነው። እኛ አገር ምን ይሠራል? የአባቴ ሃይሉክስ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ እስከ ዛሬ ይሄዳል።

የዱከሙ፦ የአባትህ መኪና ራዲያተር ስንቴ ተቀየረ?

የሰበታው፦ ሁለቴ። ግን ያኔ ራዲያተር ርካሽ ነበር።

የዱከሙ፦ እንግዲህ መልሱን ራስህ ተናገርክ።

የሰበታው፦ የድሮው የሃይሉክስ 3ኤል ሞተር እኮ ሌላ ነው። አሁን ያሉት ኮምፒውተር ናቸው እንጂ መኪና አይደሉም።

የሆለታው፦ 3ኤል ሽቅብ ላይ አህያ ይቀድመዋል። ኢሱዙ ፒካፕ ነው የሚሻለው።

መልስ፦ የመኪና ውድድሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። የሰበታው፣ ኩላንት ለበረዶ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ዋና ሥራው ዝገትን መከላከል ነው። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ማዕድን አለ፣ ሲፈላ ድስት ውስጥ እንደሚቀረው ነጭ ነገር ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነው ያለነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 አካባቢ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ከዚያም ያንሳል። መኪናው ውስጥ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊትና ኩላንቱ ናቸው። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ እንጦጦን ሳትጨርስ ይፈላብሃል፣ አንተ ደግሞ ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ፣ ልታስወርድ ጋራዥ ትሄዳለህ። ክዳኑን መጀመሪያ ቀይር። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅል፣ የተለያየ ቀለም አትደባልቅ። የተጣራ ውሃ ስትገዛ ጽሑፉን አንብብ፣ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡህ።

የአያቱ፦ ሃይሉክስ ቪጎ ነው ጋሼ፣ 240,000 ነድቷል። ሽቅብ ሲወጣ ነው፣ ውሃም ይጎድላል። ከታች ምንም አይንጠባጠብም። በየሁለት ቀኑ እሞላለሁ።

መልስ፦ አየህ፣ አሁን ጥያቄ ሆነ። መሙላቱን ተውና የት እንደሚሄድ እንፈልግ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ክፈት፣ አስነሳ፣ ውሃውን እየው። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈም እንደዚያው። ክዳኑን የምትከፍተው በቀዝቃዛው ነው፣ በቀዝቃዛው።

የቡራዩዋ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክስ ነው፣ አትክልት እንጭንበታለን። ከክረምቱ ወዲህ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ሽቅብ ላይ ያስላል። ናፍታ ሲጠፋ በጀሪካን ገዝተን ሞልተን ነበር። መካኒኩ ኢንጀክተር ይቀየር አለን። ብዙ ብር ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን አስቀምጪና መጀመሪያ ውሃ እንፈልግ። እኔ ዛሬ የተቀመጥኩት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ናፍታ ውስጥ ውሃ የሚገባው በብዙ መንገድ ነው። ጀሪካኑ ትናንት ውሃ ተቀድቶበት ሊሆን ይችላል። ታንኩ በግማሽ ሲያድር ደግሞ በእኛ ብርድ ውስጡ ያልበዋል። ልክ ማለዳ መስታወት ላይ እንደምታይው ጤዛ ነው። ስለዚህ ማታ ሞልቶ ማሳደር ከጠዋት መሙላት ይሻላል። ቦቴ ማደያው ውስጥ ሲገለብጥ ካየሽም አትቅጂ፣ ከሥር ያለው ዝቃጭ ይነሳል።

የአንቺ ሞተር ናፍታውን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው። ፓምፑንም ኢንጀክተሩንም የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍታው ነው። ውሃ ሲገባ ማለስለሱ ይቀራል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ይዝጋል። የድሮው ፓምፕ ትንሽ ይታገሥ ነበር፣ ይሄ አይታገሥም።

እንዲህ አድርጊ። መኪናው ሳይነቃነቅ ይደር፣ ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይሰበሰባል። ኮፈኑን ክፈቱ። የናፍታው ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ ከሥሩ የፕላስቲክ መክፈቻ አለው። ከሥሩ ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ያዙ፣ ጀሪካን ሳይሆን መስታወት፣ ማየት አለባችሁ። መክፈቻውን በእጅ ላላ አድርጉ፣ ላዩ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርጉ። አንድ ብርጭቆ ሲሞላ ዝጉና አስር ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል፣ በመሀል እንደ ክር የሚታይ መስመር ይሠራል። ናፍታው ከደፈረሰም ውሃ ይዟል። ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ድገሙ። መክፈቻውን በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ በፒንሳ ከጠመዘዛችሁት ይሰበራል። የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ጫኑ፣ ከዚያ አስነሱ።

የሆለታው፦ ትንሽ ላምባ ቢጨመርበት አይጠራም? እኛ ሰፈር እንደዚያ ያደርጋሉ።

መልስ፦ አይጨመርም! ላምባ ቀጭን ነው፣ የቀረችውንም ማለስለሻ ያጠፋል። ቤንዚንም አይጨመርም። ውሃ ካለ ይወጣል እንጂ ሌላ ነገር አይገባበትም።

የጣፎው፦ ጋሼ፣ የእኔ ዘይት ጠቁሯል፣ ልቀይረው?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያውን አንብብ።

የጫንጮው፦ ወደ ደጀን እመላለሳለሁ። አባይ ስወርድ ፍሬኑ ለስልሶ እግሬ ወለል ነካ። ስቆም ተመለሰ። ፍሬን ዘይት ሞላሁበት።

መልስ፦ እግዜር አትርፎሃል ልጄ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ ፍሬን ይግላል። ፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ቢያንስ እስከ 155 ብቻ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ይወርዳል። ሲበርድ ስለሚመለስ ሰው ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። የሚቀጥለው አይመለስም። ሙሉውን አስወጣና ቀይር፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አትጠቀም። ስትወርድ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።

ደግሞ ለምን ሞላህ? የፍሬን ዘይት ልክ የሚቀንሰው ሸራው ሲያልቅ ወይም ሲያፈስ ነው። ሸራውን አሳይ። ስንቴ ልበል፣ የት እንደሄደ ሳታውቁ አትሙሉ።

የዱከሙ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለዲፈረንሻል ጂኤል-5 የሚባለው ደረጃ። ለካምቢዮ መጽሐፉ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-5 አትጨምር፣ ውስጡ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል። ወንዝ ከተሻገርክ ውሃ እንዳልገባ ሁለቱንም ከፍተህ እይ።

የገላኑ፦ ባትሪዬ ቶሎ ይሞታል።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠይቅ።

የሰበታው፦ እሺ፣ ኩላንት ልግዛ። አረንጓዴ ወይስ ቀይ?

መልስ፦ መጽሐፉ የሚለውን። መጀመሪያ የጉድጓዱ ውሃ ተጥሎ ራዲያተሩ ይታጠብ።

የቡራዩዋ፦ ጋሼ፣ መኪናው ከትናንት ጀምሮ ቆሞ ነበር፣ አሁን ወርደን አደረግነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሁለት ጣት ውሃ ነበረው። ሦስተኛው ጠራ። ተነሳ!

መልስ፦ እሰይ። ነገ ጠዋትም ድገሙት፣ ታንኩ ውስጥ የቀረ አለ። ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ያን ጀሪካን ለናፍታ አትጠቀሙበት። ካስለ ብቻ ወደ ኢንጀክተር እንሄዳለን። ብርጭቆውን ደግሞ ኩሽና አትመልሱት።