ላልወጣ መኪና ቀብድ ከመክፈልህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «በቅርቡ ይወጣል የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በ15 ደቂቃ ይሞላል ይላሉ። ሲወጣ ምን እንደሚመስል ከአሁኑ መገመት ይቻላል? ቀብድ ልክፈል?» ብለሃል። መገመት ይቻላል። እኔ ሳልገምት ገብቼ ተቃጥያለሁ፣ አንተ አትቃጠል።

1. ፎቶው ላይ ጣሪያውን እመን፣ በሩን አትመን። ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ2015 ሚሽን ኢ የሚባል የማሳያ መኪና አቅርቦ ነበር። የኋላ በሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚከፈቱ፣ በፊትና በኋላ በር መሃል ምሰሶ የሌለው፣ በስፖኪዮ ፋንታ ካሜራ ያለው። በ2019 ታይካን ተብሎ ሲወጣ በሩ እንደማንኛውም መኪና በር ሆነ፣ ምሰሶውም ስፖኪዮውም ተመለሱ። ወደ ኋላ የሚወርደው የጣሪያው ቅርጽ ግን ብዙም አልተለወጠም።

2. አነሳሱን አትጠራጠር፣ ቻርጁንና ርቀቱን ተጠራጠር። ያው ሚሽን ኢ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ3.5 ሰከንድ በታች ይገባል ተብሎ ነበር። ታይካን ተርቦ ኤስ 2.8 ገባ! የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ሲነሳ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ይሄ ለአምራቾቹ ቀላሉ ስራ ነው። በ15 ደቂቃ 80 በመቶ ይሞላል የተባለው ቻርጅ ግን 22 ደቂቃ ተኩል ሆነ። የቴስላ ሳይበርትራክም በ2019 ሲታይ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ዓይነት እንደሚኖረው ተነግሮ ነበር። በ2023 መጨረሻ ለደንበኛ መድረስ ሲጀምር ግን 550 የሚሞላ አልነበረም። መነሻ ዋጋውም 39,900 ዶላር የተባለው 60,990 ሆነ።

3. ርቀቱን ራስህ አስላ። እኔ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። የእኔ መኪና ብሮሹር 510 ኪሎ ሜትር ይላል። ቁጥሩ የተለካው ደብሊውኤልቲፒ በሚባለው ፈተና ነው። የዚህ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱም 23 ዲግሪ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ 290 ኪሎ ሜትር በ120 ነው የምነዳው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የአየሩ መከላከል አራት እጥፍ እንደሚሆን ማን ነገረኝ? ማንም።

አንድ ብርዳማ ሌሊት ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ወጣሁ። ልደርስ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ስክሪኑ 7 በመቶ አለኝ። ማሞቂያውን አጠፋሁ። ወደ 70 ወረድኩ። ትንፋሼ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌዬ እየጠረግኩ፣ ከኋላ መኪናው ሁሉ እየጮኸብኝ፣ 1 በመቶ ሲቀር ቻርጀር ጋ ደረስኩ።

በማግስቱ የሽያጭ ቢሮው ሄድኩ። ልጁ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «አንብበው ነው የፈረሙት አይደል?» አለኝ። ይሄው ቢሮ ነው «በሦስት ወር ትረከባለህ» ብሎ የድሮ መኪናዬን ያሸጠኝ። የተረከብኩት በ14ኛው ወር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በእግሬና በሰው መኪና ነበርኩ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ስሌቱ ይሄን ያህል ነው፦ የባትሪው ኪሎዋት ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ሲካፈል በ100 ኪሎ ሜትር ለሚበላው፣ ሲባዛ በ100። የእኔ ባትሪ 75 ነው። በ120 ስነዳ 22 ይበላል፣ ስለዚህ 340 ኪሎ ሜትር። በብርድ ከነማሞቂያው 26 ይበላል፣ 288። የእኔ መንገድ 290! ይቺን በወረቀት ጀርባ ብሰራት ኖሮ አልፈርምም ነበር። ባለፈው ዓመት ለጓደኛዬ መኪናው ሳይወጣ እንዲሁ አስልቼ 395 አልኩት። ወጥቶ ሲነዳው 402 ሄደ። እሱ አሁን ሳይጠይቀኝ ጎማ እንኳ አይቀይርም።

አንተም 600 የሚለውን ተወውና የሚሰራበት ባትሪ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ ጠይቅ። ከ10 እስከ 80 በመቶ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላም ጠይቅ። ቀብዱ ተመላሽ መሆኑን በጽሑፍ ካልሰጡህ አትክፈል፣ ያለህንም መኪና አዲሱን ቁልፍ በእጅህ ሳትይዝ አትሽጥ። የባትሪውን ቁጥርና የምትነዳበትን ፍጥነት እዚሁ ጻፍልኝ፣ ዛሬ ማታ አብረን እናስላዋለን።