የሳሙና መቁረጫ ከሰጌቶ ፍሬምና ከጊታር ክር

እህቴ፣ ከሐረር የጻፍሽውን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ሳሙናሽን በወጥ ቤት ቢላዋ ስትቆርጪ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየሆነብሽ፣ ጠርዙም እየተፈረፈረ ተቸግረሻል። አሥር ቀን ያስቀመጥሻቸው ሦስት ሳሙናዎች ደግሞ ሲቆረጡ እየተሰነጠቁብሽ ነው። ከውጭ የሚመጣው መቁረጫ ዋጋው የማይቀመስ ሆነብሽ። «እዚሁ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ነገር የለም ወይ?» ብለሻል። አለ። እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ቤቴ ውስጥ ሳሙና መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ አራቱን ዓመት የቆረጥኩት እዚሁ በተሠራ መቁረጫ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም እኔ ስጠይቅ ሁሉም «ቀጭን ሽቦ ተጠቀሚ» ብቻ ብሎ ነው ያለፈኝ። ሽቦው ደግሞ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም።

የእኔ ፎርማ፣ ሳሙናው ፈስሶ የሚረጋበት ሳጥን፣ ውስጡ 25 ሳንቲ ርዝመት፣ 8 ወርድ፣ 6 ከፍታ አለው። በ2 ሳንቲ ተኩል ሲቆረጥ 10 ፍሬ ይወጣዋል። ቢላዋው 2 ሚሊ ብቻ ቢስት ያ ፍሬ 10 ግራም ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በእያንዳንዱ ላይ 2 ሚሊ ካበዛሽ ደግሞ ከአንድ ፎርማ አንድ ሙሉ ፍሬ ሊያጎድልብሽ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቀፊራ አካባቢ ለአንድ ሱቅ ሳሙና ወስጄ ነበር። ባለሱቁ ሁለት ፍሬ አንስቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አቆማቸውና ምንም ሳይናገር ቀና ብሎ አየኝ። አንደኛው ከሌላው በጣት ጥፍር ያህል ይበልጥ ነበር። ዋጋቸው ግን አንድ ነው። ያን ቀን ነው ነገሩን ከሥሩ ላበጀው የወሰንኩት።

ሽቦ ፍለጋ ብዙ ተንከራትቻለሁ። በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጀመርኩ፤ እሱ ይለጠጣል፣ መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ እየቀረ የሳሙናውን ፊት ያጎብጠዋል። ቀጥሎ የአርማታ ብረት የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ ሞከርኩ። ለስላሳ ስለሆነ በወጠርሽው ቁጥር ይረዝማል፤ በዚያ ላይ ዝገቱ ነጩ ሳሙናዬ ላይ ቡናማ መስመር ጥሎ ሄደ። የሆነልኝ የጊታር ክር ነው፣ ግን ማንኛውም የጊታር ክር እንዳይመስልሽ። አንዳንዱ ጊታር የናይለን ክር አለው፣ ስለዚህ የብረት መሆኑን አይተሽ ግዢ። ወፍራሞቹ ክሮች ላያቸው ላይ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል። በጥምጥሙ መሀል ሳሙና ይሰገሰጋል፤ ጥምጥሙም ብዙ ጊዜ መዳብ ስላለበት ለእኛ አይሆንም፣ መዳብ የሳሙናን ዘይት ቶሎ እንዲሸት ያደርገዋል። አንደኛው ክር 0.25 ሚሊ ገደማ ነው፤ ይቆርጣል ግን ቶሎ ይበጠሳል። ሁለተኛው፣ 0.4 ሚሊ የሚጠጋው፣ እሱ ነው ልክሽ። ሁለት ሦስት አድርገሽ ያዢ።

መወጠሪያው ላይ ገንዘብ አታባክኚ። ብየዳ ቤት ሄዶ ቅስት የሚያሠራ ሰው አውቃለሁ፤ አያስፈልግም። የብረት መጋዝ፣ ሰጌቶ የምንለው፣ ፍሬሙ ራሱ መወጠሪያ ነው። ምላጩን የሚያጠብቅ በጣት የሚዞር ዳዶ አለው፣ በሁለቱ ጫፍ ምላጩ የሚሰካባቸው ትናንሽ ሚስማሮች አሉት። ምላጩን አውጪና ክሩን አንዱ ሚስማር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥመሽ ራሱ ላይ በፒንሳ ቋጥሪው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ሚስማር ስበሽ እንደዚያው አድርጊና ዳዶውን አጥብቂ። በጥፍርሽ ስትነኪው እንደ ክራር ጥርት ብሎ ከጮኸ በቃ። ድፍን ድምፅ ካለው ገና ነው። ስትገዢ ሜትር ይዘሽ ሂጂና የፍሬሙ ጀርባ ከምላጩ ቢያንስ 8 ሳንቲ መራቁን ለኪ፣ አለዚያ እስከ ታች አይወርድልሽም።

ዋናው ነገር ግን ሳጥኑ ነው። እኔ ሽቦውን አግኝቼም ለወራት በእጄ እያየሁ ስቆርጥ ያው ጠማማ ነበር። ጎረቤቴ ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ አንድ ቀን ስቆርጥ አይተው፣ «ልጄ፣ ሽቦው መንገድ የለውም እኮ፤ መንገድ አብጂለት» አሉኝና የበር መቃን በ45 ዲግሪ የሚቆርጡበትን የእንጨት ሳጥን አውጥተው አሳዩኝ። ስንጥቅ አለው፣ መጋዙ ከስንጥቁ መውጣት አይችልም። የእኔንም በዚያው መልክ ሠሩልኝ።

ወለሉ 40 ሳንቲ ርዝመት አለው፤ ወርዱ ከሳሙናው 2 ሚሊ ብቻ ይሰፋል። ሁለቱ ግድግዳ 7 ሳንቲ ከፍታ አላቸው። ከሥር 4 ሳንቲ የሚሆን እግር ተመትቶለታል፣ የፍሬሙ ጫፎች ከሳጥኑ ውጪ ስለሚወርዱ ጠረጴዛውን እንዳይነኩ ነው። ሳጥኑ ተመትቶ ካለቀ በኋላ ሁለቱን ግድግዳ በአንድ ጊዜ በዚያው በሰጌቶ፣ ከምላጩ ጋር፣ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቂው። ወለሉንም 3 ሚሊ ያህል አስገቢው። ይህችን ቦይ አትርሺ፣ ሽቦው ከሳሙናው ሥር ካላለፈ መጨረሻው ላይ ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም። ምላጩ መንገዱን ከሠራ በኋላ ወጥቶ ሽቦው በቦታው ይገባል፤ አንዱ ፍሬም ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

ከስንጥቁ ወዲያ ልክ 2 ሳንቲ ተኩል ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት ከወለሉ ጋር በብሎን እሰሪ። መግቻሽ እሱ ነው። ሳሙናውን እስኪነካው ትገፊዋለሽ፣ ሽቦውን ወደ ታች ትጫኚዋለሽ፣ ፍሬዋን አንስተሽ ደግሞ ትገፊያለሽ። ፍሬው ሁሉ እኩል የሚመጣው በዚህ መግቻ ነው፣ ሽቦው ንጹሕ አድርጎ ይቆርጥልሻል እንጂ ልኩን አያውቅም።

እንጨቱ ደረቅ ይሁን። የእኔ የመጀመሪያው ሳጥን ካልደረቀ ጣውላ ተሠርቶ በግንቦት ሙቀት ተጣሞ ተጣለ፤ ሁለተኛው ዋንዛ ነው፣ እስካሁን ቀጥ ብሎ አለ። ወለሉ ላይ ከፈርኒቸር ቤት የተረፈ የፎርማይካ ቁራጭ ቢለጠፍበት ሳሙናው ይንሸራተታል፣ ለማጠብም ይቀላል። አሉሚኒየም ግን አይሁን፤ ገና የተሠራ ሳሙና ውስጥ የቀረ ካስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሳሙናውንም ያጠቁረዋል።

ሳጥኑ ቀጥ ማለቱን የምታውቂው እንዲህ ነው። ሁለት ፍሬ ቁረጪና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሚያቸው። አንዱን፣ ከሌላው ጋር የሚገጥመው ፊቱ ሳይቀየር፣ ላዩን ወደ ታች ገልብጪና አጋጥሚው። ስንጥቁ ትንሽ ካዘመመ በመሀላቸው ክፍተት ይታይሻል፣ ስለተገለበጠም ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚወጣው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ስንጥቅ 5 ሳንቲ ራቅ አድርገሽ በስኳድራ (የቀኝ ማዕዘን መለኪያ) አስምረሽ አውጪ፣ ሳጥኑን መጣል የለብሽም።

የመቁረጫው ሰዓት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። እኛ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በሙቀት ነን፤ የኮኮናት ዘይት የበዛበት ሳሙና በ12 ሰዓት ውስጥ ሊደርስልኝ ይችላል። እናንተ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ ቀዝቀዝ ይላል፣ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጠብቂ። የለውዝ ዘይት ካበዛሽበት ሁለት ቀንም ሊፈልግ ይችላል። በጓንት ጫን አድርጊው፤ ጣትሽ ትንሽ ዱካ ትቶ ምንም ካልተለጠፈበት ደርሷል። ጓንቱን ስትቆርጪም አታውልቂ፣ ሳሙናው ገና አዲስ ነው፣ ካስቲኩ ቆዳ ይበላል። ቃሲል (ቆዳ የሚታጠቡበት የቅጠል ዱቄት) ወይም የቡና አተላ የተነሰነሰበትን ሳሙና በጎኑ አስተኝተሽ ቁረጪ፤ ላዩ ላይ የተነሰነሰው ፍርፋሪ በሽቦው እየተጎተተ ፊቱን ሙሉ እንዳይቧጥጠው። እኔ በአንድ ወቅት ጥቁር አዝሙድ ነስንሼ ከላይ ቆርጬ አሥሩም ፍሬ በመስመር ተዥጎርጉሮ ወጥቶብኛል። በጎኑ ሲተኛ ከፍታው 8 ሳንቲ ስለሚሆን ለዚህ ሥራ ግድግዳውን 9 ሳንቲ፣ ወርዱን 6 ሳንቲ ከ2 ሚሊ፣ ፍሬሙንም ጠለቅ ያለ አድርገሽ ሌላ ሳጥን ያስፈልግሻል።

አሥር ቀን ያስቀመጥሻቸው፣ ሲቆረጡ የሚሰነጠቁት ሦስቱ ሳሙናዎች አልተበላሹም። በጨርቅ ጠቅልለሽ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዪያቸውና እስከ ውስጡ ሲሞቁ ወዲያው ቁረጪ። እነሱን በ0.4 ክር ቀስ እያልሽ፣ አንድ ጊዜ ከጀመርሽ መሀል ላይ ሳታቆሚ ነው። የፎርማሽን የውስጥ ወርድና ከፍታ ከጻፍሽልኝ የሳጥኑን ልክ አስልቼ እልክልሻለሁ።